ስቡን ያጠብኩበት ውሃ

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ያለ ወቅቱ ዘነበ። ቡና ያሰጣ ሁሉ ሸራ ይዞ ሲሯሯጥ ነው የነጋው። ከሰፈሬ ከጊንጆ እስከ ሆስፒታል የማላውቃት ሴትዮ ዶሮ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ሄደች። ሴትዮዋ ይቅርታ እንኳ አላለችም። እንዲህ ነው የኔ ሰኞ።

ሁለት ኦፕራሲዮን፣ ሁለቱም በሰላም አለቁ። አልሃምዱሊላህ። ስብ የሚያጣራልን ማሽን ግን አሁንም አልተሠራም። ጠጋኙ "ነገ" ካለ ሦስት ሳምንቱ። ሐሙስ ደግሞ የዙቤይዳ ተራ ነው። ዶክተር ወንድወሰን ፊታቸውን አጨፍግገው፣ "በእጅ ልናጥብ ነው ሲስተር ሳቢሃ" አሉኝ። ምን ያስጨንቃቸዋል? ማሽኑ ሳይመጣ ስንት ዓመት በሻይ ማጥለያ ሠርተናል? ከሆድ የተቀዳውን ስብ በእንፋሎት የተቀቀለ የብረት ማጥለያ ላይ ማድረግ፣ በሳላይን፣ በተመጠነው የጨው ውሃ፣ ማጠብ፣ ደሙና ዘይቱ ሲወርድ ንጹሑን በትንንሽ ስሪንጅ መሙላት። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜም እሠራዋለሁ።

ዙቤይዳ ዛሬ አልጋ ያዘች። የደዶ ገጠር ልጅ ናት፣ ሃያ አንድ ዓመቷ። በዳዴ ዕድሜዋ እሳት ላይ ወድቃ ግራ ጉንጯ ተቃጠለ። ቆዳው አምና ተስተካክሎላታል፤ ከሥሩ ግን ምንም የለም፣ ጉንጯ ወደ ውስጥ ገብቷል። ያን ጉድጓድ ነው ከራሷ ሆድ በሚወሰድ ስብ የምንሞላው። ግንቦት ላይ መጥታ ዶክተር መልሰዋት ነበር። "የሚቀዳ ስብ የላትም፣ ወፈር ብላ ትምጣ።" ለእናቷ በኦሮምኛ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ የዶክተር ኦሮምኛ ገና ከ"አካም" ሰላምታ አላለፈም።

ወፍራ መጣች! ስድስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ገንፎ በቅቤ። ያላቸው አንዲት ላም ስለሆነች ጎረቤት ተራ ገብቶ ቅቤ ያዋጣላት ነበር አሉ። ሆዷን ቆንጥጣ እያሳየችኝ፣ "ሲስተር፣ ይሄ እኮ የኔ አይደለም፣ የሰፈሩ ቅቤ ነው" አለችኝ። "ሙሽራም እንዲህ አትቀለብ።" ስትስቅ አፏንም ጉንጯንም በእጇ ትሸፍናለች።

እናቷ ኡሙልኸይር፣ ሁላችንም አዮ፣ እናት፣ የምንላቸው፣ ለኔም በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ይዘው መጡ። "ኧረ እኔ ምን አደረግኩና?" አልኳቸው።

"ገና ታደርጊያለሽ" አሉኝ።


ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ከመጀመሪያው ልጻፍ። መጀመሪያው ያምር ነበር።

ዶክተር ስቡን ቀዱ። ሰማንያ ሚሊ። ከሷ ሰውነት ያን ያህል መገኘቱ ራሱ ተአምር ነው። ማጥለያው ላይ አደረግኩት። አንዴ በሳላይን፣ ሁለቴ በሳላይን። ደሙ አልለቅ አለ። የሳላይኑ ሳህን ባዶ ሆነ። ጓንት ሳታጠልቅ ቆማ ዕቃ የምታቀብለኝ ንግስት ነበረች፣ ከመጣች ገና ዓመት ያልሞላት ነርስ። "ጨምሪልኝ" አልኳት። "የቱን?" አለች። በአገጬ መደርደሪያውን አሳየኋት። "ያንን። ቶሎ በይ፣ አየር እየመታው ነው።"

ሕጉ የታወቀ ነው። የምታፈሰዋ የከረጢቱን ጽሑፍ ታሳያለች፣ ጓንት ያጠለቅኩት እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ከዚያ ይፈሳል። ንግስት ከረጢቱን ወደኔ አዙራለች። አዙራለች፣ አስታውሳለሁ። ዓይኔ ስቡ ላይ ነበር። "አፍስሺ፣ አፍስሺ" አልኩ።

ከዚያማ እንዴት ጠራ! የሚወርደው ውሃ እንደገባ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሜ አጠብኩት። ዶክተር አዩና፣ "ማሽኑ ምን ያደርግልናል ታዲያ?" አሉ። ኮራሁ። ሰላሳ ሚሊ ገባላት። ግራው ከቀኙ እኩል ሆነ።

ዕቃ ስሰበስብ ባዶ ከረጢቶቹን ባልዲው ውስጥ አየሁ። ሁለት ሳላይን። አንድ ደግሞ... ውሃ። መሣሪያ የምናለቀልቅበት ተራ ንጹሕ ውሃ። ከረጢቱ አንድ ዓይነት፣ ክዳኑ አንድ ዓይነት፣ ጽሑፉ ብቻ ልዩ።

ጠቅልዬ ከቆሻሻው ሥር ከተትኩት። ለምን? ማን ሊያየው?


ኅዳር 20፣ ዓርብ

አልተናገርኩም።


ኅዳር 22፣ እሑድ

ቤት ዋልኩ። እናቴ አርባ ዓመት ቅቤ የነገደች ሴት ናት። አሁን ጉልበቷ እምቢ ብሎ ቤት ብትውልም ምላሷ ገበያ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ እጄን ይዛ ያስተማረችኝ ትዝ አለኝ። አሬራው በደንብ ካልወጣ ቅቤው ይሸታል፤ ስለዚህ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ እጠቢ፣ እጠቢ። በሰባት ዓመቴ የተማርኩት ነው። ሐሙስ ዕለት ያጠብኩት ስብ አልነበረም፣ ቅቤ ነው። እጄ ወደ ቤቱ ሄደ።

ስብ ግን ሕይወት አለው። ተቀድቶም፣ ሳህን ላይ ሆኖም ሕይወት አለው። ይህን ለተማሪ የማስረዳው እኔ ነኝ።

የአዮ ኡሙልኸይር ቅቤ ፍሪጅ ውስጥ እንደተጠቀለለ ነው። እናቴ ከፍታ አየችው። "ለምን አይነጠርም? ሊበላሽ እኮ ነው።" ተይው አልኳት። "የሰው ስጦታ እንዲህ ነው የሚያዘው?" ብላ ተቆጣች። ልክ ናት። ግን ያን ቅጠል ልፈታው አልቻልኩም።


ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ምሳ ላይ እንደ ዋዛ ጠየቅኳቸው። "ዶክተር፣ ስብ በሳላይን ፋንታ በውሃ ቢታጠብስ?" ጉርሻቸውን ሳይጨርሱ መለሱልኝ። "ውሃው ሴሉ ውስጥ ገብቶ ያፈነዳዋል። ለዓይን ያምራል፣ ግን የሞተ ነው። ለምን ጠየቅሽ?"

"ተማሪ ጠይቆኝ።"

ተማሪ! ውሸት እንዲህ ቶሎ ይመጣልኛል እንዴ?

ዙቤይዳ ከሰዓት ከሆስፒታል ወጣች። መስታወት ሰጠኋት። ጉንጯ ሙሉ ነው፣ ክብ ነው። ግራና ቀኝ እየዞረች አየች። ሳቀች፣ አፏን አልሸፈነችም። እናቷ "አልሃምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ" እያሉ ግንባሬን ሳሙኝ። ያማረው እብጠቱ ነው። ከኔ በቀር ማንም አያውቅም።

ዶክተር መመሪያ ሰጡ፣ ተረጎምኩ። በግራ ጎን አትተኚ። ጉንጭሽን አትጫኚው። ለእሳት አታቅርቢው። ብዙ አታላምጪ፣ ጮክ ብለሽ አትሳቂ፣ ለስድስት ሳምንት። አንድ በአንድ ደገመችልኝ። አንዱንም አልሳተች።


ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ከሚሞላው ስብ እስከ ግማሽ ድረስ ሰውነት መልሶ ይበላዋል። የታወቀ ነው፣ ዶክተርም ለሁሉም ይናገራሉ። ታዲያ ግማሽ ጠፋ፣ ከግማሽ በላይ ጠፋ... ማን ይለያል? ምናልባት ውሃው ያልደረሰበት አለ። ምናልባት መሀሉ ተርፏል። ምናልባት።

ከንግስት ጋር ሻይ ጠጣን። "ሳቢ፣ ከስተሻል። ምን ሆነሻል?" አለችኝ። ብናገር መጀመሪያ የምትጠየቀው እሷ ናት፤ ከረጢቱን ያነሳችው በእጇ ነው፣ ገና አዲስ ናት። እና ዝም ያልኩት ለሷ ስል ነው ማለት ነው... እሰይ! ለሷ ስል! ራሴን መደለል ላይ ማንም አይደርስብኝም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ የደበቅኩት የሰው በሽታ ነው።


ጥር 1፣ ሐሙስ

ዛሬ ስድስት ሳምንት ሞላ። መጡ።

ገና በሩ ላይ አየሁት። ጉንጯ ገብቷል። እንደ ድሮው። ከዓይኗ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሽንብራ የምታህል እብጠት። ዶክተር በመርፌ ሲስቡት ዘይት ወጣ። ዘይት ብቻ፣ የሞተ ስብ።

"አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል" አሉ ዶክተር፣ ግን ግራ ገብቷቸዋል። "እስቲ ጠይቂልኝ፣ በዚያ ጎኗ ተኝታ ነበር?"

ጠየቅኳት። ጠየቅኳት እኮ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዙቤይዳ ማልቀስ ጀመረች። አዎ፣ አንድ ቀን። ቡና ለቀማ ውላ ደክሟት፣ ስትነቃ በግራዋ ተኝታ ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ ለቃሚዎቹ ልጆች አስቀዋት ጮክ ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ፈርታ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነው የምታድረው። የአጎቷ ልጅ ሰርግ ቀረች፣ እንዳትስቅ።

እናቷ አላስጨረሷትም። "አላልኩሽም? አላልኩሽም ወይ? ያ ሁሉ ሰው ከልጁ ጉሮሮ ነጥቆ ያመጣው ቅቤ! ለአንድ ሳቅ!"

ዶክተር፣ "ምን አሉ?" አሉኝ። ተረጎምኩ። አንድም ቃል ሳልጥል። በዚህ ጎበዝ ነኝ።

"ጥፋቷ አይደለም በያቸው። ሰውነት አንዳንዴ አይቀበልም።" ይህንንም ተረጎምኩ። "ጥፋቷ አይደለም" የሚለው ቃል ከኔ አፍ ወጣ፣ እና የማን ጥፋት እንደሆነ ሳልናገር አፌ ተዘጋ። አዮ ኡሙልኸይር አላመኑም። ሲወጡ ልጃቸውን ጥለዋት ቀደም ቀደም አሉ። እሷ ከኋላ፣ ጉንጯን በነጠላዋ ሸፍና። እስከ ግቢው በር አየኋቸው። አንዴም ዞረው አላነጋገሯትም።


ጥር 2፣ ዓርብ

ሰላት ላይ ቆሜ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለሁ ጠፋኝ። እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ጠፋኝ።


ጥር 5፣ ሰኞ

ተናገርኩ።

ጠዋት ቢሯቸው ገባሁ፣ ሳልቀመጥ። "ዶክተር፣ የዙቤይዳን ስብ ያጠብኩት በውሃ ነው።" መነጽራቸውን አወለቁ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

"ስንት ቀን ሆነው?"

"አርባ ስድስት።"

"አርባ ስድስት ቀን አብረን ምሳ በላን" አሉ። ቀጥለው፣ "ያ ተማሪ አንቺ ነበርሽ?"

"አዎ።"

"ንግስትስ?"

"ንግስት አሳይታኛለች። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።"

ከዚያ የተናገሩት ነው የሚያንገበግበኝ። "መሳሳትሽን እረዳለሁ ሲስተር። እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። ባለፈው ሐሙስ ግን... እዚያ ቆመሽ..." አልጨረሱትም። ጨርሰውት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከቢሯቸው ስወጣ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ግን እንቅልፌ መጣ፣ እንደ ሕፃን፣ እዚያው ወንበር ላይ።


ጥር 8፣ ሐሙስ

ሪፖርት ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ጉዳዩ እስኪታይ ከኦፕራሲዮን ክፍል ወጥቼ መሣሪያ ማፍሊያው ክፍል ተመደብኩ። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት፣ ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ማጠፍ። ያቺ ማጥለያ ዛሬ በእጄ አለፈች። ጠቀለልኳት፣ ላክኳት።

ንግስት መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ "አንድ ቀን እንኳ ልትነግሪኝ አልቻልሽም?" አለችኝ። "እኔ እኮ ነኝ ያፈሰስኩት። አርባ ቀን ሳላውቀው ስስቅ ኖርኩ።" በሩን ሳትዘጋው ሄደች።

ለእናቴ ነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ነበር። እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው። "ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ" አለች። "አይ እማ፣ አንቺ ያስተማርሽኝ ቅቤ ነው" አልኳት። ቆየት ብላ ያን የአዮ ኡሙልኸይርን ቅቤ ሳትጠይቀኝ አውጥታ አነጠረችው። ቤቱ ሁሉ ኮሰረት ኮሰረት ሸተተ። ውጪ ወጥቼ ቆምኩ።


ጥር 13፣ ማክሰኞ

ዶክተር አስጠርተዋት ዙቤይዳ መጣች። ብቻዋን። "እኔ ልንገራት ወይስ አንቺ?" አሉኝ። እኔ አልኩ። በኦሮምኛ፣ ፊት ለፊት። የሚተረጎም ነገር አልነበረም።

ስቡ በምን እንደታጠበ ነገርኳት።

"ውሃ?" አለች።

"ውሃ።"

"እና በመተኛቴ አይደለም?"

"አይደለም።"

"በመሳቄም አይደለም?"

"አይደለም፣ ዙቤይዳ። በአንቺ አይደለም።"

ታለቅሳለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ተቆጣች። ያን ጊዜ ነው ያየኋት፤ እስከዛሬ አይቻት አላውቅም ማለት ነው። "ማሎ፣ ኧረ እባክሽ ሲስተር! ያን ቀን አጠገቤ ነበርሽ እኮ! እናቴ ስትሰድበኝ፣ አንቺ አፍሽን ከፍተሽ ለዶክተሩ ትነግሪው ነበር! እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ አታናግረኝም። ቅቤ ያዋጡት ሴቶች ውሃ ስቀዳ ሲያዩኝ ይተያያሉ።"

ይቅርታ አልኳት። ምን ይባላል ሌላ?

"ይቅርታሽ ለኔ ምን ያደርግልኛል? እኔማ አሁን ሰማሁ። ነይና ለእናቴ ንገሪያት። በእነሱ ፊት። ቅቤ ባዋጡት ሁሉ ፊት።"

ዶክተር፣ "አትገደጂም፣ እኔ እደውልላቸዋለሁ" አሉኝ። እሄዳለሁ አልኩ። ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ።


ጥር 17፣ ቅዳሜ

ደዶ ደርሼ መጣሁ።

የተነጠረውን ቅቤ በማሰሮ አቅፌ ነው በሚኒባስ የሄድኩት። እናቴ ናት ያስያዘችኝ። "አልበላሽውም፣ እንዳለ መልሺላቸው።"

ግቢው ውስጥ ስምንት ሴቶች ሣር ላይ ተቀምጠዋል። ዙቤይዳ ሰብስባቸዋለች። አዮ ኡሙልኸይር በርጩማ አቀረቡልኝ። አልተቀመጥኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳላነብ ማስፈሰሴን። ጠርቶ መውረዱን፣ መኩራቴን። ከረጢቱን መደበቄን። ጥር አንድ ቀን እዚያ ቆሜ መተርጎሜን። ልጅቷ አንድም ነገር አላጠፋችም አልኩ። ደገምኩት።

አንዷ ሴትዮ፣ "እኛም ቅቤ የምናጥበው በውሃ ነው" አለች፣ ለኔ አዝና ይሁን ለመውቀስ አልገባኝም። ሌላዋ "ዝም በይ" አለቻት።

አዮ ኡሙልኸይር ቀና ብለው አዩኝ። "'ገና ታደርጊያለሽ' ብዬሽ ነበር አይደል?" አሉ።

"ብለውኛል።"

አልሰደቡኝም፣ ይቅርም አላሉኝም። ማሰሮውን ተቀበሉኝ፣ ከፍተው አሸተቱ፣ ልጃቸው ፊት አስቀመጡት። ከዚያ ከአሥራ ስድስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሯት።

"ዛሬ በፈለግሽው ጎንሽ ተኚ" አሏት።

ዙቤይዳ ያኔ ነው ያለቀሰችው። እናቷ ጉንጯን፣ የገባውን፣ በመዳፋቸው ያዙት። እኔን ያየኝ የለም። ቀስ ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሚኒባስ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ቆምኩ፣ ደስ አለኝ መቆሜ።


የካቲት 28፣ ዓርብ

ውሳኔው መጣ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ለአንድ ዓመት ጓንት አጥልቄ ኦፕራሲዮን ላይ አልቆምም። ትክክል ነው። ውሃው ከሳላይኑ መደርደሪያ ተነስቶ ሌላ ክፍል ገባ። ግድግዳው ላይ ንግስት በትልቅ ፊደል ጽፋ ለጥፋለች፦ ሳይነበብ አይፈስም።

ዙቤይዳ ደወለች። ዶክተር ሁለተኛ እንሞክር ብለዋታል፣ ስቡ ካለ። የረመዳን ጾም ነው፣ እንዴት ትወፍራለሽ አልኳት። "አዮ ሌሊት ለሱሑር ቀስቅሳ ገንፎ ታበላኛለች፣ ማሎ አድኚኝ!" አለች። ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ገና ነው።


ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ማሽኑ አሁንም አልተሠራም። ጠጋኙ "ነገ" ይላል።

ዛሬ ማለዳ ሥራዬ ማጥለያዋን ማፍላት ነበር። ሁለቴ አፈላኋት። ከዚያ ዶክተር ጠሩኝ። ዙቤይዳ ለሁለተኛው ኦፕራሲዮን አልጋው ላይ ተኝታ አንድ ነገር በኦሮምኛ እየደጋገመች ትላለች፣ ሰው አልገባውም። "ምን ትላለች?" አሉኝ።

አንድም ቃል ሳልጥል ተረጎምኩ። "እስክተኛ ሲስተር ሳቢሃ እጄን ትያዝልኝ። ግን ስቡን እሷ አታጥበው።"

ዶክተር አዩኝ። "እሺ በያት" አሉ።

እጇን ያዝኩት። ቅዝቃዜው! ማደንዘዣው እየገባ ሳለ ዓይኖቿ እኔ ላይ ነበሩ፣ የምትመረምረኝ ይመስል። ጣቶቿ ሲላሉ ብርድ ልብሱ ሥር መለስኩላት። ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ከውጪ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ማጥለያው ላይ ያለችው ንግስት ናት።

"ምንድነው?" አለች።

"ሳላይን" አለ ሌላ ድምፅ።

"አዙረህ አሳየኝ... ሳላይን። አፍስስ።"

ሦስት ጊዜ ታጠበ። ሦስት ጊዜ ጠየቀች፣ ሦስት ጊዜ አነበበች። በአንዱ ላይ ዶክተር "ቶሎ በሉ፣ አየር እየመታው ነው" አሉ። ንግስት አልቸኮለችም። "ገና አላነበብኩም ዶክተር" አለች።

እኔም ከበሩ ውጪ፣ ባዶ እጄን፣ አብሬያት አነበብኩ።